የሰሊማ የጥያቄ ሣጥን

የሰሊማ ስም ሲነሳ ወሬ የምቀይረው ለምን እንደሆነ ባለቤቴ እንኳ ሳታውቅ ሰባት ዓመት ኖራለች። ሰሊማን ይጠላታል ብላ ታስብ ነበር። እኔ ሰሊማን ጠልቻት አላውቅም። የምጠላው ሌላ ሰው ነበር፤ በየጠዋቱ ፊቱን የማጥብለት እሱኑ ነው።

ሰሊማ የባቲ ልጅ ናት። በ1989 መስከረም፣ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ትምህርት ቤታችን ስትመጣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በአንድ እጇ የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው በሲባጎ የታሰረ የመጽሐፍ ካርቶን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። እኔ ያኔ ተራ የሂሳብ መምህር ነበርኩ፤ ምክትል ዳይሬክተር የሆንኩት ኋላ ነው። ካርቶኑን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ፣ "ተው፣ ሻንጣውን ያዝልኝ፤ ይሄን እኔ እይዘዋለሁ" አለችኝ። ሻንጣው ባዶ ነው የሚመስለው። ያላትን ሁሉ መጽሐፍ እንደገዛችበት ያኔ ገባኝ።

ሳይንስ እንድታስተምር ተመደበች። ሴት በመሆኗ ደግሞ "የሴቶች ጉዳይ" የሚባል ነገር ተደረበላት። በዚያ ዘመን የሴቶች ጉዳይ ማለት የማንም ያልሆነ ጉዳይ ማለት ነበር። አንድ አቧራ የጠጣ ፋይልና በዓመት አንድ ቀን የሚነበብ ግጥም፣ በቃ። ሰሊማ ፋይሉን ከፍታ አየችው፣ ዘጋችው፣ ከዚያ ወዲያ ስትነካው አላየሁም። ሥራዋን ከሌላ ቦታ ጀመረች።

ስለ ሰው አካል እድገት የሚያወራውን ምዕራፍ ከእሷ በፊት በትምህርት ቤታችን ያስተማረ ሰው አልነበረም። መምህር ሲጎድል ሳይንስ ደርበን የምንይዝ ወንዶች፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ እዚያ ገጽ ላይ ስንደርስ ጉሮሯችንን ጠርገን "ይህን ቤታችሁ አንብቡት" እንልና ወደ ማግኔት እናልፋለን። ልጆቹም ይስቃሉ፤ እኛም ደወል እንጠብቃለን። ሰሊማ ግን ምዕራፉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰፈሩን የቁርዓን አስተማሪ ሸህ ሲራጅን ልታነጋግር ሄደች። ሴት ብቻዋን ሸህ ቤት አትሄድም ብዬ እኔም ተከተልኳት።

"ሸሃችን፣ ለሴቶቹ ልጆች ስለ ሐይድ ያስተምራሉ አይደል?" አለቻቸው። ስለ ወር አበባ ማለቷ ነው። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

"እንዴታ! ሳያውቁ እንዴት ይሰግዳሉ? እንዴትስ ይጾማሉ?"

"እንግዲያው እርስዎ ያላፈሩበትን እኔ ባስተምር ማን ይቆጣኛል?"

ሸሁ ሳቁ። "ማንም። የሚቆጣ ካለ ወደ እኔ ላኪው፣ ኢንተለ ኮ" አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ አንድም ወላጅ ትምህርት ቤት መጥቶ አልተቆጣም። ከመምህራን መካከል ግን በሻይ ሰዓት ያልተሳለቀባት አልነበረም። እኔም ስቄባታለሁ።

ሣጥኑን ያሠራችው በ1994 ነው። ከተሰበሩ ዴስኮች ጣውላ ለቃቅማ አናጢነት ለሚሞካክረው ዘበኛችን ሰጠችው። ከላይ ቀዳዳ፣ ከኋላ በቁልፍ የሚዘጋ ትንሽ በር አበጀለት። የተሰቀለው ከሴቶች መጸዳጃ ቤት ጀርባ ነው። "ምነው ሽታ ያለበት ቦታ ወሰድሽው?" ስላት፣ "ወንድ የማይደርስበት ሌላ ቦታ ካለ አሳየኝ" አለችኝ።

ልጃገረዶቹ አፍ አውጥተው የማይጠይቁትን በወረቀት ጽፈው ስም ሳያኖሩበት ይጥላሉ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ነው፤ በአንዱ ተጀምሮ በሌላው የሚያልቅም አለ። ሰሊማ ረቡዕ ረቡዕ ትከፍተዋለች። ወረቀቱን ግን ክፍል ይዛው አትገባም። ጥያቄውን በራሷ አባባል ትጽፈዋለች፤ ሁለት ሳምንት ታሳድረዋለች፤ ከራሷ የፈጠረችውን ሁለት ሦስት ጥያቄ ትደባልቅበታለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሁሉም የምትመልሰው። ወረቀቱን ታቃጥለዋለች።

"ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?" አልኳት አንድ ቀን።

"የኛ ሰው በአንዲት ቃል ሰው ይለያል። እገሊት ናት እንዲህ የምትናገር ይላል። ከታወቀች ደግሞ ሁለተኛ አትጠይቅም" አለችኝ።

ይህን ነግራኛለች። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብዳት የጋብቻው ነበር። ልጅቱ ሳትፈልግ ሊድሯት ሲሆን ሰሊማ ወደ አባት ዘንድ በጭራሽ አትሄድም። አባት ለሽማግሌ ቃል ሰጥቷል፤ ልጄ እምቢ አለችኝ ብሎ ቃሉን ካጠፈ በሰው ፊት ምን ዓይን ይኖረዋል? ስለዚህ እንቁላል ልገዛ ነው ብላ ወደ እናትየው ትሄዳለች። እናት ለወንድሟ ትነግራለች። አጎትየው አንድ ቀን ዱላውን ይዞ ይመጣና "የእህቴ ልጅ ትምህርቷን ሳትጨርስ አትዳርም" ብሎ ይቆጣል። አባት በበኩሉ ለሽማግሌዎቹ "ምን ላድርግ፣ አጎቷ እምቢ አለኝ" ይላል፤ ሽማግሌም የአጎትን ነገር ያውቃል፣ ይመለሳል። ማንም አልተዋረደም። በዚህ መንገድ ሦስት ልጆች አስቀርታለች። ሦስቱም አባቶች የልጃቸውን እምቢታ እስከ ዛሬ አልሰሙም። እኔ ያወቅኩት ምክትል ዳይሬክተር ሆኜ የቀሪ መዝገብ ስለማይ፣ ልትዳር ነው የተባለችው ልጅ ሳትቀር ስትመጣ ሰሊማን ጠይቄ ነው፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

በ2001 መጋቢት ላይ የሰሊማ እናት ባቲ ላይ ታመሙና ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ሄደች። እንዳጋጣሚ በዚያው ሳምንት ስለ ሣጥኑ ሪፖርት በአስቸኳይ ይላክ የሚል ደብዳቤ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደረሰን። የተነሱ ጥያቄዎች በቁጥርና በዓይነት፣ ይላል። ሪፖርቱ ሰሊማ እስክትመለስ ቢቆይ አገር አይፈርስም ነበር። እኔ ግን "በአስቸኳይ" የሚል ቃል ሳይ ሌላውን ሁሉ ትቼ የምሮጥ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤቱ ትርፍ ቁልፍ ሁሉ ደግሞ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ግራ ቀኝ እያየሁ ወደዚያ ሄድኩ። ወንድ የማይደርስበት ቦታ ደረስኩ።

አሥራ አንድ ወረቀት አገኘሁ። አንዷ በፊቷ ላይ የወጣው ብጉር በምን እንደሚጠፋ ትጠይቃለች። አንዷ ሐይድ ላይ ሆና የቁርዓን ደብተሯን መንካት ትችል እንደሆነ። አንዷ ደግሞ "መምህራን ለምን ወንዶችን ብቻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያወጣሉ?" ብላ ጽፋለች፤ እኔን ነው። ዘጠነኛው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

"ለግንቦት 27 ቀን ቆርጠዋል። ሰውየውን አላውቀውም። እኔ ሚኒስትሪ መፈተን እፈልጋለሁ። አባቴን በሰው ፊት ማሳፈር ግን አልፈልግም፣ እወደዋለሁ። እምቢ ለማለት ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?"

ሰባት ቁጥሯን መሃል ላይ በሰረዝ ሰንጥቃዋለች። ከስምንተኛ ክፍል ልጆች እንዲያ የምትጽፍ አንድ ልጅ ብቻ ናት፤ ፋይዛ። ሦስት ዓመት ደብተሯን አርሜያለሁ። ከጨፋ ማዶ ወንዙን ተሻግራ የምትመጣ፣ የሂሳብ ጥያቄ ከኔ ቀድማ የምትጨርስ የአያ ኑርሁሴን ልጅ ናት። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አሥሩን ወረቀት አጥፌ መለስኩ። የፋይዛን ኪሴ ከተትኩት። ሰሊማ ልትመለስ አሥራ ሁለት ቀን ነበር የቀራት፤ ግንቦት ደግሞ ሩቅ ነው። ወረቀቱን መልሼ አፌን ዘግቼ መጠበቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይሄ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሸህ ሲራጅ ቤት ወዳጃ አለ። ሰዉ ተሰብስቦ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የጨነቀው ሐጃውን፣ ጉዳዩን፣ ይናገራል፤ ሸሁ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። እዚያ የተነገረ ችግር ወደ አላህ የተነገረ ስለሆነ እንደ ወሬ አይቆጠርም ብዬ ነው ያደግኩት። አንዱ ስለ ታመመች ላሙ ተናገረ። አንዱ በባሕር ወደ ሳዑዲ ስለ ሄደ ልጁ። አሚን፣ አሚን። እኔም ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት አላስቀምጥ አለኝ።

"ሸሃችን፣ እኔም ሐጃ አለኝ" አልኩ። "ለራሴ አይደለም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንዲት ብርቱ ልጅ አለች። ሊድሯት ነው፤ ልቧ ግን አልፈቀደም። ሚኒስትሪ መፈተን ነው ምኞቷ። አላህ የወላጆቿን ልብ እንዲያራራላት ዱዓ አድርጉልን።"

ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራቴ ብልህነት መስሎኝ ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ እንኳ ደህና፤ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ "መስኪን" ሲል ደስ አለኝና "በየቀኑ ወንዝ ተሻግራ ነው የምትመጣው" ብዬ ጨመርኩበት።

ሸሁ እጃቸውን አነሱ። "አላህ ያራራላት።" አሚን አልን። ከምሰሶው ጀርባ አንድ ሰው አሚን ሲል ድምፁ ከሁላችንም በልጦ ተሰማና ድንገት ቆመ። አያ ኑርሁሴን ነበር። ሲገባ አላየሁትም። ለማያውቃት የሰው ልጅ ከልቡ አሚን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከጨፋ ማዶ ወንዝ ተሻግራ ስምንተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ ትዝ አለው። ለሌሎቹም ትዝ አላቸው። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እሱ ዞረና መልሶ ወደ መሬት አየ። የተዘረጉት እጆቹ እንዳሉ ቀሩ።

በሩ ላይ ጠበቀኝ። አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ።

"መምህር፣ ልጄ ነግራህ ነው?"

"ኧረ ወላሂ፣ እሷ አልነገረችኝም።"

"እንግዲያ ማን ነገረህ? ሣጥን ያላት ሴትዮ ናት?"

ዝም አልኩ። ዝምታዬ አዎ ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት በሱሪዬ ላይ በእጄ ተጭኜ ይዤው ነበር። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ይባላል፤ ካልወጣም እንደዚያው እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ።

ልጅህ እምቢ ብላለች ተብሎ በወዳጃ ላይ የታዘነለት አባት፣ እምቢ አለማለቷን ለአገሩ ማሳየት አለበት ብሎ አሰበ። አጎትየው ሳይሰማ፣ እናትየውም ሳትላላክ፣ ሠርጉ ከግንቦት ወደ መጪው ሳምንት መጣ። በሚቀጥለው ረቡዕ ፋይዛን ሰንበቴ ከተማ ላለ ነጋዴ ዳሯት። ስም ስጠራ "የለችም" አሉኝ ልጆቹ። ቀሪ ብዬ መዘገብኩ።

ሰሊማ ሰኞ ተመልሳ፣ ወሬውን ገና መናኸሪያው ላይ ሰምታ፣ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣች። የጉዞ አቧራ ነጠላዋ ላይ ነበር።

"አብዱልጀሊል፣ የፋይዛን ነገር ከማን ሰማህ?"

"ልጆች ሲያወሩ" አልኳት።

"ልጆች።"

"አዎ።"

የነጠላዋን አቧራ አራገፈች። ከዚያ "እናቴ አልሐምዱሊላህ ተሽሏታል" አለችኝና ወጣች። የእናቷን ጤና ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።

በሳምንቱ የፋይዛ ዘመዶችና ሌሎች ወላጆች ተሰብስበው መጡ። ሚስጥር አባካኝ፣ የልጆቻችንን ገመና ለወንድ መምህር የምታወራ አሏት። ወዳጃው ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ግን እኔን ማን ይናገረኛል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። ሰሊማ እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማች። አንድም ጊዜ አልማለችም። በመጨረሻ "ሣጥኑን ለመምህርት ረቢአ ስጧት። አዲስ ቁልፍ ይገዛ፤ ቁልፉም አንድ ብቻ ይሁን" አለች። ረቢአ በዚያ ዓመት የተቀጠረች ወጣት ነበረች። እኔ ከሁሉም ቀድሜ "ጥሩ ሐሳብ ነው" አልኩ። አፍሬ መሬት መግባት ሲገባኝ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ዓመት ነው። በየቀኑ ስለሆነ የማየው ብዙ ነው። ልጃገረዶቹ እሷ በምትመጣበት መንገድ አይመጡም። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ከአጠገቧ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሳይንሷን ታስተምራለች፣ ደብተር ታርማለች፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስለዚያ ምዕራፍ ስታስተምር ግን ድምፅዋ እንደ በፊቱ ነው ይሉኛል፤ በመስኮት በኩል ላለማለፍ እጠነቀቅ ስለነበር እኔ አልሰማሁም። በ2004 ዳይሬክተር ሆንኩ። ሆኜ ምን አደረግኩ? "ምስጉን መምህር" ብዬ የግድግዳ ሰዓት ሸለምኳት። አመስግና ተቀበለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ወሰደኝና ይባስ አፈርኩ።

በ2008 ግንቦት እናቷን ለማስታመም ወደ ባቲ ዝውውር ደረሳትና የሽኝት ሻይ አዘጋጀን። ንግግሩ የእኔ ነበር። ስለ ቅንነቷ፣ ስለ ትዕግሥቷ፣ አፌ እስኪደርቅ አወራሁ። ሰሊማ ወለሉን እያየች ሰማችኝ። ሲያልቅ ሻንጣዋን ይዤ እስከ መናኸሪያው ልሸኛት ወጣሁ።

"ሰሊማ፣ ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። እርምጃዋን አላቆመችም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ያኔውኑ። ልጆቹ ወረቀቱን አጣጥፈው አጣጥፈው ጥፍር ነው የሚያሳክሉት። አንተ ለሁለት አጥፈህ መለስከው፤ የቢሮ ሰው።"

"እና ለምን ዝም አልሽ? ለምን ተሸከምሽልኝ?"

ያኔ ቆመች። ተቆጣች፤ ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ላንተ ብዬ መሰለህ? ሣጥኑን ምክትል ዳይሬክተሩ ከፈተው ከተባለ የትኛዋ ልጅ ሁለተኛ ወረቀት ትጥላለች? ለማንም አትጥልም! እኔ ነኝ ከተባለ እኔን ይጠላሉ፤ ሣጥኑ ለረቢአ ይተርፋል። ተርፏልም። ካንተ ጋር ምን አገናኘው?"

"አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እኔን ተወኝ። የተዳረችው እኔ ነኝ? ሰንበቴ ገበያ ሂድ፤ ሽንኩርት ተራ ታገኛታለህ።" ሻንጣዋን ከእጄ ወሰደች። ሚኒባሱ ሲነሳ ዞራ አላየችኝም።

በገበያው ቀን ሰንበቴ ወረድኩ። ከብት ተራውን አልፌ፣ ከቆላ የመጡትን ግመሎች ዞሬ ሽንኩርት ተራ ገባሁ። ፋይዛን ወዲያው ነው የለየኋት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች። አንደኛው ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። "አካም ጅርቱ፣ ቲቸር!" ብላ በደስታ ተነሳች። መቀመጫዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ባትሰጠኝ እመርጥ ነበር።

ነገርኳት። ሣጥኑን እንደከፈትኩ፣ ወረቀቷን እንዳነበብኩ፣ ወዳጃው ላይ እንደተናገርኩ፣ አባቷ ሰሊማ ናት ወይ ሲለኝ ዝም እንዳልኩ። አንዲት ሴት መጥታ ሽንኩርት ጠየቀቻት፤ "ዛሬ አልሸጥም" አለቻት።

"ቲቸር ሰሊማ እዚህ ገበያ ትመጣ ነበር" አለችኝ ቆይታ። "ከኔ ልትገዛ ነበር የምትመጣው። ስትመጣ ሳያት ሽንኩርቴን በጨርቅ እሸፍነው ነበር። ሰባት ዓመት። እሷ ደግሞ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ሰላምታዋን አልመልስም።"

"አፉ በይኝ፣ ፋይዛ።"

"ቲቸር፣ እርስዎ የተናገሩት በሰው ፊት ነው። አሁን ለብቻዬ መጥተው አፉ በይኝ ይሉኛል?" ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "አባቴ ዛሬም እሷ ናት የሚለው። ሴቶቹም እሷ ናት የሚሉት። ሰው ፊት ይናገሩት። አባቴም ይስማ፣ ሴቶቹም ይስሙ። ሲናገሩ ያኔ አስብበታለሁ።"

ከዚያ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ተሰናብቻት ስነሳ ቀና አላለችም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን ነበር። ግቢው ሞልቷል። ሸህ ሲራጅ፣ አያ ኑርሁሴን፣ የወዳጃው ሰዎች፣ እናቶች፣ ከፊት ደግሞ ልጃገረዶቹ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከእነሱ መካከል የኔዋ ልጅ ኢልሃም አለች፤ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ በደረጃ አንደኛ ወጥታለች። ለሷ ስል መናገሩን ልተወው ነበር። ሦስት ጊዜ ተውኩት፤ ስም ጠራሁ፣ ሽልማት ሰጠሁ፣ መዝጊያ ንግግሩ ደረሰ። ከዚያ የድምፅ ማጉያውን እንደያዝኩ ተናገርኩት። ሳላሳምር፣ ለፋይዛ እንደነገርኳት አድርጌ። ሰሊማ አንዲት ቃል ለማንም አልተናገረችም፤ ሚስጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰባት ዓመት እሷን ያሰደብኳት እኔ ነኝ አልኩ። ለልጃገረዶቹም አሁን የሣጥኑ ቁልፍ አንድ ብቻ እንደሆነና በመምህርት ረቢአ እጅ እንዳለ ነገርኳቸው።

ማንም አልጮኸም። አያ ኑርሁሴን ዱላውን ተደግፎ ተነሳ። ወደ እኔ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ወደ በሩ ሄደ። ከእናቶቹ መካከል አንዷ "አስተግፊሩላህ፣ በዚያች ሴት!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ሸህ ሲራጅ ለዱዓ እጃቸውን አላነሱም። ሰዉ በየመጣበት ተበተነ።

ከኢልሃም ጋር ወደ ቤት ሄድን። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንደኛ የወጣ ልጅ መንገዱን ሙሉ ይለፈልፋል። ሽልማቷን፣ አሥራ ሁለት ደብተር ነው፣ ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም። ቤታችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረን ቆመች።

"አባ" አለችኝ።

"ወይ ልጄ።"

"እኔም አምና ሣጥኑ ውስጥ ወረቀት ጥዬ ነበር። አንብበኸዋል?"

"ወላሂ፣ አላነበብኩም!" አልኳት። "ያን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደርሼበት አላውቅም። አሁንማ ቁልፉም የለኝ።"

ፊቴን አየችው። ልታምነኝ እየሞከረች እንደሆነ አየሁ። "እሺ" አለችኝ፤ ቀድማኝም ወደ ቤት ገባች። ምን ብላ እንደጻፈች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም ልጠይቃት ፊት የለኝም።